ክራንክ ሰብሮ የወረደ የናፍጣ ሞተር አሠራር፦ ከምርመራ እስከ ሮዳጅ (ሞተር ማላመድ)

ብዙ ኪሎ ሜትር የሄደ የጭነት መኪና ክራንክሻፍት (የፒስተኖችን ግፊት ወደ ዙር የሚለውጠው ዘንግ፣ ባጭሩ ክራንክ) ሲሰብር ጋራዥ ውስጥ ቀድሞ የሚነሳው ጥያቄ አዲስ ክራንክ ከየት ይምጣ የሚለው ነው። ቀድሞ መነሳት ያለበት ግን ለምን ተሰበረ የሚለው ነው። ክራንክ ዳምፐሩ (ጫፉ ላይ ያለው ንዝረት አጥፊ) ካልሞተ፣ ማረፊያው (ክራንኩ የሚቀመጥበት ቦታ) ካልተጣመመ፣ ዘይት ካላጣ ወይም ከዚህ በፊት ሲፈጭ ካልተበላሸ እንዲሁ አይሰበርም። ምክንያቱ ሳይገኝ አዲስ ክራንክ የገባለት ሞተር ሁለተኛውንም ይሰብራል።

ከዚህ በታች ያለው ስድስት ሲሊንደር በአንድ መስመር ለተደረደረ ሞተር ነው። ቁጥር ሲያስፈልግ ምሳሌ የምናደርገው ባለ 5.9 ሊትሩን ኩሚንስ 6ቢቲ ነው። እጅዎ ላይ ያለው ሌላ ሞተር ከሆነ ቁጥሩን ከራሱ መጽሐፍ ይውሰዱ፤ አካሄዱ አይለወጥም።

1. ሞተሩ ሳይወርድ

ዘይቱን በንጹሕ ሳፋ ያውርዱና ከመድፋትዎ በፊት ይዩት። ወተት የመሰለ ከሆነ ውሃ ገብቶበታል። ቀጥኖ ናፍጣ ናፍጣ የሚሸት ከሆነ ከኖዝል (ናፍጣ ወደ ሲሊንደር የሚረጨው) ወይም ከናፍጣ ፓምፕ እየወረደበት ኖሯል፤ እንዲህ ያለ ዘይት ብረትን ከብረት መለየት አይችልም። ፊልትሮውን በቆርቆሮ መክፈቻ ይክፈቱት። በመጋዝ ከተቆረጠ የመጋዙ ብናኝ ይቀላቀልና ያሳስታል። ወረቀቱን ዘርግተው ማግኔት ያስጠጉ፦ ማግኔት የሚይዘው ከክራንክ፣ ከማርሽ ወይም ከፋሻ (የፒስተን ቀለበት) የመጣ ነው፤ የማይይዘው ብርማ ወይም መዳብ መሳይ ፍቅፋቂ ከብሮንዚን (ዘንጉ የሚዞርበት ለስላሳ ብረት ሽፋን) ነው።

ባትሪውን ይንቀሉ፣ የሽቦና የቱቦ መስመሮችን ፎቶ አንስተው ምልክት ያስሩባቸው፣ የናፍጣ መስመሮችን አፍ ይድፈኑ። 6ቢቲ ከ400 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ባለ 12 ሊትር ሞተር ወደ 1,000 ኪሎ ይጠጋል። ስለዚህ ባለ 2 ቶን ማንሻ ያዘጋጁ፤ ሰንሰለቱም ፋብሪካው ራሱ ባበጀው ማንጠልጠያ ላይ ብቻ ይግባ።

2. ሲፈታ

ቢዬላ (ፒስተኑን ከክራንኩ የሚያገናኘው ክንድ) እና ካፑ (በብሎን የሚታሰረው ክዳን) ላይ ቁጥር ከሌለ ከመፍታትዎ በፊት በኤሌክትሪክ መጻፊያ ይጻፉበት። የዋና ብሮንዚን ካፖችንም ከፊት ወደ ኋላ ከ1 እስከ 7 ይቁጠሩ፣ አቅጣጫቸውንም ምልክት ያድርጉ። ፋብሪካ ውስጥ በመስበር የተለያዩ ቢዬላና ካፖች የሚገናኙበት ፊት ሸካራ ነው፤ በዚያ ፊት ጠረጴዛ ላይ አያስቀምጧቸው። ከሸካራው አንዲት ፍንጣሪ ከረገፈች ያ ቢዬላ አበቃለት።

ከሲሊንደሩ ጫፍ ላይ ያለውን የካርቦን ቀለበት ፒስተን ከመግፋትዎ በፊት ያንሱት። የወጣውን ብሮንዚን ሁሉ ካርቶን ላይ በተራ ይደርድሩ፦ የላይኛውና የታችኛው፣ ቁጥሩ፣ የፊቱ ጎን። ቆሻሻ መጣያ ውስጥ የሚጣል ብሮንዚን ካለ ምርመራው እዚያው አለቀ ማለት ነው።

3. ስብራቱን ማንበብ

የተሰበረውን ፊት በናፍጣ አጥበው በአየር ያድርቁት። የሽቦ ብሩሽ አያስነኩት፤ ሁለቱን ስባሪዎችም ገጥመው ለማየት አይሞክሩ፤ ፊቱ ላይ ያለው ምልክት ይጠፋል። በጥሩ ብርሃን ከጎን ሲያዩት ሁለት ዓይነት ቦታ ይለያሉ። አንደኛው ለስላሳ ሆኖ እንደተቆረጠ የዛፍ ግንድ ቀለበት ያለው ነው፤ ስንጥቁ ቀስ በቀስ የሄደበት መንገድ ነው። ሁለተኛው ሸካራና ስኳር መሳይ ነው፤ መጨረሻ ላይ በአንድ ጊዜ የተበጠሰበት ቦታ። ቀለበቶቹ ወደሚጠብቡበት ከተከተሏቸው ስንጥቁ የጀመረበትን ነጥብ ያገኛሉ። ሸካራው ቦታ ትንሽ ከሆነ ክራንኩ ተሰንጥቆ ረጅም ጊዜ ሠርቷል ማለት ነው፤ ሾፌሩ ከመሰበሩ በፊት ስለነበረ መንቀጥቀጥ ሊያስታውስ ይችላል።

ቀጥሎ አቅጣጫውን ይመልከቱ። ስንጥቁ እርጥብ ልብስ ሲጨመቅ እንደሚጠማዘዘው በ45 ዲግሪ ገደማ አንገቱን (ብሮንዚን ውስጥ የሚዞረውን የክራንክ ክፍል) ዞሮ ከሄደ ክራንኩን የገደለው የመጠምዘዝ ንዝረት ነው። ተጠርጣሪዎቹ ዳምፐሩ፣ የላላ ቮላኖ (ከክራንኩ ኋላ የሚታሰረው ከባድ መሽከርከሪያ) ወይም አንዱ ሲሊንደር ከሌላው የበለጠ ናፍጣ የሚያገኝበት ሁኔታ ናቸው። ስንጥቁ ከአንገቱ ጥግ ተነስቶ ጎኑን ቀጥ ብሎ ካቋረጠ መታጠፍ ነው፤ ያረጀ ዋና ብሮንዚን፣ ከመስመር የወጣ ማረፊያ፣ የላላ ካፕ፣ ወይም ከዚህ በፊት ሲፈጭ ጥጉ ሹል ሆኖ የቀረ ክራንክ ይፈልጉ። አንገቱ ሰማያዊ ወይም ጥቁር ሆኖ ከተገኘ መጀመሪያ የጠፋው ዘይት ነው፤ ስብራቱ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው።

ካርቶን ላይ የደረደሯቸው ብሮንዚኖች ምስክርነታቸውን ይጨምራሉ። ሰባቱም እኩል መዳባቸው ከታየ እርጅና ወይም ቆሻሻ ዘይት ነው። አንዱ ብቻ ከበላ ችግሩ እዚያው ማረፊያ ላይ ነው። የመጨረሻው፣ ቮላኖ አጠገብ ያለው፣ በአንድ ጎን ከበላ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) በትክክል ሳይገጥም ኖሯል። ትረስት ዋሸሮቹ (ክራንኩ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዳይሄድ የሚይዙት) ከቀጠኑ ፍሪሲዮን ላይ እግር ተጭኖ ይነዳ ነበር ወይም ፍሪሲዮኑ ተስተካክሎ አያውቅም።

ዳምፐሩን ለብቻው ይመርምሩ። ባለ ጎማው ዓይነት እምብርቱና የውጪው ቀለበት ላይ ትይዩ ምልክት አለው፤ ምልክቶቹ ከ1.5 ሚሊ በላይ ከተለያዩ ወይም ጎማው ካበጠ ይጣላል። ወፍራም ፈሳሽ ያለበት ዓይነት ከውጭ ሲያዩት ጤነኛ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ፈሳሹ ጠንክሮ ሊሆን ይችላል። ትንሽ ጎድጎድ ያለ ጠባሳ ወይም ላብ የመሰለ ፍሳሽ ካለበት አይመለስም። ክራንክ በሰበረ ሞተር ላይ ግን የትኛውም ዓይነት ዳምፐር ተመልሶ ባይገጠም እንመክራለን፤ የክራንክ ወጪ አውጥቶ በዳምፐር መቆጠብ ትርፍ የለውም።

4. ሞኖብሎኩ (የሞተሩ ዋና አካል) ይተርፋል ወይ?

ገንዘብ ከማውጣት በፊት የሚመለስ ጥያቄ ይህ ነው። ማረፊያዎቹን በደንብ ያጽዱ፣ ካፖቹን ያለ ብሮንዚን ይግጠሙ፣ ሙሉ ጥብቀታቸውን ይስጧቸው፤ በ6ቢቲ ላይ በሦስት ዙር 60፣ 119፣ ከዚያም 176 ኒውተን ሜትር። ከዚያ በቦር ጌጅ (የቀዳዳ ውስጥ መለኪያ) እያንዳንዱን ማረፊያ በሦስት አቅጣጫ ይለኩ። ቁመቱ ከወርዱ ከበለጠ ወይም ካነሰ ክብነቱ ጠፍቷል። ካፑ ወደ ቦታው ሲገባ ትንሽ ተመትቶ መግባት አለበት፤ በጣት ተገፍቶ ልል ብሎ ከገባ መቀመጫው ሰፍቷል።

መስመሩን ለማየት ቀጥ ያለ የማሽን ዘንግ ሰባቱም ማረፊያ ላይ ያጋድሙና በሥሩ የ0.04 ሚሊ ፊለር ጌጅ (ስስ የክፍተት መለኪያ) ይሞክሩ። አንዱ ማረፊያ ላይ ካለፈ ሞኖብሎኩ ወደ ቶርኖ ቤት ይሄዳል፤ ካፖቹ ከሥራቸው በጥቂቱ ተላጭተው ማረፊያዎቹ በአንድ መስመር ይቆረጣሉ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ፦ ከላይ በኩል ብዙ ከተቆረጠ ክራንኩ ወደ ካምሻፍት (ቫልቮችን የሚከፍተው ዘንግ) ይጠጋና የታይሚንግ ማርሾቹ ይጠብቃሉ፤ ሞተሩ ሲነሳ ያፏጫል። ቆራጩ ከካፑ በኩል እንዲወስድ አስቀድመው ይንገሩት።

ስንጥቅ ፍለጋው በቀለም ነው። ቀይ ፈሳሹን ይርጩ፣ 10 ደቂቃ ያህል ይጠብቁ፣ በጨርቅ ይጥረጉ፣ ነጩን ይርጩበት፤ ስንጥቅ ካለ ቀይ መስመር ሆኖ ይወጣል። ዋና ትኩረት የካፕ ብሎን ቀዳዳዎች ዙሪያና ማረፊያውን የተሸከመው ግድግዳ ላይ ይሁን። ግድግዳው ላይ ስንጥቅ ከተገኘ ሞኖብሎኩ ቁርጥራጭ ብረት ሆኗል፤ ያን ቦታ በብየዳ የሚያድን ሰው ቢመጣም አይስሙት። የተሰበረው ክራንክ ካምሻፍቱን ነክቶ ሊሆን ስለሚችል ካሙንና ቡሾቹን አብረው ይለኩ።

5. ክራንኩ

የተሰበረ ክራንክ አይበየድም። ምርጫው አዲስ ወይም ከሌላ ሞተር የወጣ የተፈጨ ነው። ያገለገለ ከሆነ በማግኔት ዘዴ ስንጥቁ ሳይመረመር አይገዛ። የ6ቢቲ ዋና አንገት 83፣ የቢዬላው አንገት 69 ሚሊ ነው፤ ሲፈጭ በ0.25 ሚሊ ደረጃ እስከ 1.00 ሚሊ ይወርዳል፣ ብሮንዚኑም በዚያው ልክ ይታዘዛል። በናይትሮጅን የጠነከረ ክራንክ ግን ጠንካራው ሽፋኑ ስስ ነው፤ ከተፈጨ በኋላ እንደገና መጠንከር ሊኖርበት ስለሚችል ከመፍጨትዎ በፊት ዓይነቱን ይወቁ።

ከመፍጫ ሲመለስ ሦስት ነገር ይዩ። አንደኛ ጥጉ፦ አንገቱ ከጎኑ ጋር የሚገናኝበት ክብ መታጠፊያ ሙሉና ለስላሳ መሆን አለበት፤ ጥፍርዎን ሲያሳልፉ ከያዘው ይመለስ። ደካማ ድንጋይ የሚፈጥረው ሹል ጥግ የሚቀጥለው ስብራት መነሻ ነው። ሁለተኛ የዘይት ቀዳዳው ከንፈር ክብ ተደርጎ ይለስልስ። ሦስተኛ ቅንነቱ፦ ክራንኩን በሁለቱ ጫፍ አንገቶች ላይ አሳርፈው መሐለኛው ላይ ዳያል ጌጅ (ባለ ቀስት መለኪያ) ያድርጉና ያዙሩት፤ ከ0.05 ሚሊ በላይ ከተወዛወዘ አይገጠም።

ከዚያ የዘይት መንገዶቹን የሚዘጉትን ድፍኖች አውጥተው በረጅም ብሩሽ ይፈትጉ። የመፍጫው ዱቄት እዚያ ውስጥ ይደበቃል፤ አዲስ ብሮንዚንን በመጀመሪያው ሰዓት የሚበላው ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው።

6. ቢዬላዎች

ከተሰበረው ቦታ ግራና ቀኝ ያሉት ሁለቱ፣ እንዲሁም ሙቀት ያቀለመው ማንኛውም ቢዬላ አይመለሱ። የቀሩት በማግኔት ይመርመሩ፣ መታጠፍና መጠማዘዛቸው ይለካ፣ ትልቁ ዓይን ካፑ ጠብቆ ክብነቱ ይታይ። ብሎንና ዳዶ አዲስ።

7. ዘይት የሚሄድበት ሁሉ

ክራንክ ሲሰበር የሚወጣው ብናኝ ኮፓ (የታችኛው የዘይት ሳፋ) ውስጥ ብቻ አይቀርም። ፊልትሮው ሲሞላ ማለፊያ ቫልቩ ይከፈትና ብናኙ ወደ ሞተሩ ሁሉ ይሄዳል። ስለዚህ የሞኖብሎኩ የዘይት መንገድ ድፍኖች አንድም ሳይቀር ይወጣሉ፤ በብሩሽ፣ በሟሟት ፈሳሽና በሙቅ ውሃ ግፊት ይታጠባሉ፣ በአየር ይደርቃሉ። ነጭ ጨርቅ ሽቦ ላይ ጠምጥመው ያሳልፉ፤ ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ አላለቀም።

የዘይት ማቀዝቀዣው ይጣል። ጠባብ ክፍሎቹ ውስጥ የገባውን ብረት በመታጠብ ማውጣት አይቻልም፤ ሞተሩ ሲሞቅ ይለቀዋል። ቱርቦው ይፈታ፣ ዘንጉ ዙሪያ ጭረት ካለ ይቀየር፣ የዘይት ቱቦው አዲስ ይሁን። የሚረሱት የአየር ኮምፕረሰሩና ከሞተሩ ዘይት የሚጠጣ የናፍጣ ፓምፕ ናቸው፤ ሁለቱም ከዚያው ዘይት ጠጥተዋል። ፒስተን ማቀዝቀዣ አፍንጫዎች በቀጭን ሽቦ ይፈተሹ፤ የታጠፈ ካለ ይቀየር። በዘይት ፓምፑ ላይ የግፊት መቆጣጠሪያውን ፒስተን አውጥተው ይዩት፤ ብናኝ ይዞት ተከፍቶ ከቀረ አዲሱ ሞተር ግፊት አይሠራም። የመምጠጫው ቱቦ ኦሪንግ አዲስ ይሁን፤ አየር ከሳበ ፓምፑ አረፋ ይገፋል።

8. ሲሊንደር፣ ፒስተንና ፋሻ

6ቢቲ ካሚቻ (ተነቃይ የሲሊንደር ሽፋን) የለውም፤ ሲሊንደሩ ከበላ በ0.50 ወይም በ1.00 ሚሊ ይቦርራል። ካሚቻ ያለው ሞተር ከሆነ ካሚቻው ከሞኖብሎኩ በላይ የሚወጣበት መጠን በአራት ቦታ ይለካ፤ ጎረቤታሞቹ እኩል ካልሆኑ የቴስታታው (የሞተሩ የላይ ክዳን) ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) አይይዝም።

ከሆኒንግ (ሲሊንደሩን በድንጋይ ማጫጫር) በኋላ ሲሊንደሩን በናፍጣ ወይም በቤንዚን ብቻ አይጠቡ፤ ድንጋዩ የተወው ዱቄት ጭረቱ ውስጥ ይቀራል። በሙቅ ውሃና በሳሙና በብሩሽ ይፈትጉ፣ ወዲያው አድርቀው ዘይት ይቀቡት። ፋሻውን ያለ ፒስተን ወደ ሲሊንደሩ አስገብተው በፒስተን ራስ ቀጥ አድርገው ገፍተው የአፉን ክፍተት ይለኩ፤ ለ6ቢቲ የላይኛው ከ0.40 እስከ 0.70 ሚሊ ነው። ያነሰ ከሆነ ሲሞቅ አፍ ለአፍ ይገጥምና ፒስተኑን ይሰብራል።

9. መግጠም

እዚህ ላይ በብዛት የሚሠራው ስህተት ቀላልና ገዳይ ነው፦ ቀዳዳ ያለው የዋና ብሮንዚን ግማሽ ሞኖብሎኩ ላይ እንጂ ካፕ ላይ አይገባም። ከተቀያየረ ዘይት የሚመጣበት መንገድ ይዘጋል፤ ያ አንገት ከደቂቃዎች በላይ አይቆይም። እያንዳንዱን ካስቀመጡ በኋላ በቀዳዳው ብርሃን ያሳዩት። የብሮንዚኑ ጀርባና ማረፊያው ደረቅ ይሁን፤ ዘይት የሚቀባው ፊቱ ብቻ ነው።

ክፍተቱን በፕላስቲጌጅ ይለኩ። የቀጭኑን ሰም ክር ቁራጭ በደረቅ አንገት ላይ በርዝመቱ ያጋድሙ፣ ካፑን ሙሉ ጥብቀት ይስጡ፣ ክራንኩን ፈጽሞ ሳያዞሩ ይፍቱ። የተጠፈጠፈው ክር በሰፋ ቁጥር ክፍተቱ ጠባብ ነው። መነሻ ግምት የአንገቱ ውፍረት አንድ ሺኛ ነው፤ ለ83 ሚሊ አንገት 0.08 ሚሊ ገደማ። ክሩ በአንድ ጫፍ ሰፍቶ በሌላው ከጠበበ አንገቱ ወይም ማረፊያው ጠማማ ነው፤ ብሮንዚን በመቀየር አይስተካከልም።

ትረስት ዋሸሮቹ ቦይ ያለው ፊታቸው ወደ ክራንኩ ይዙር። ካፖቹን ከመሐል ወደ ጫፍ በሦስት ዙር ያጥብቁ፤ ከእያንዳንዱ ካፕ በኋላ ክራንኩን በእጅ ያዙሩት። በድንገት ከከበደ የመጨረሻው ያጠበቁት ካፕ ጥፋተኛ ነው፤ ፈትተው ይዩ። የፊትና ኋላ ጨዋታው በዳያል ጌጅ ከ0.13 እስከ 0.43 ሚሊ ይሁን። ቢዬላ ሲገባ ብሎኖቹ ላይ የጎማ ቱቦ ቁራጭ ይሰኩ፤ አዲስ አንገት የሚጭር ብሎን ብዙ ነው። የፋሻ አፎች 120 ዲግሪ ይራራቁ።

10. ቴስታታ፣ ታይሚንግና ፑንታሪያ (የቫልቭ ክፍተት)

ቴስታታው ስንጥቅና ቅንነት ይመርመር፣ ጓርኒሲዮኑ ፒስተኑ በሚወጣበት ልክ ይመረጥ። የማርሽ ምልክቶችን ካገናኙ በኋላ ክራንኩን ሁለት ሙሉ ዙር በእጅ ያዙሩ፤ የሚያቆም ነገር ካለ አያስገድዱት።

የፍንዳታው ቅደም ተከተል 1፣ 5፣ 3፣ 6፣ 2፣ 4 ነው። አንደኛው ሲሊንደር በግፊት ጫፍ ላይ ሳለ የ1፣ 2 እና 4 ማስገቢያ፣ የ1፣ 3 እና 5 ማስወጫ ቫልቮች ይስተካከላሉ። አንድ ሙሉ ዙር ካዞሩ በኋላ የቀሩት። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ማስገቢያው 0.25፣ ማስወጫው 0.50 ሚሊ።

ኖዝሎችን በመሞከሪያ ላይ ሳይፈትኑ አይመልሱ። የሚያንጠባጥብ ኖዝል ዘይቱን ያቀጥናል፣ ክራንኩንም ያለ እኩልነት ይመታዋል፤ የቀድሞው ስብራት ምክንያት እሱ ከሆነ ደግሞ ሁሉ ሥራ ከንቱ ነው።

11. ዳምፐርና ቮላኖ

አዲሱ ዳምፐር በመዶሻ አይገባም። ቮላኖው ከመግባቱ በፊት የክራንኩ ፊት ከቀለምና ከዝገት ይጽዳ፤ ከገባ በኋላ ውዝዋዜው በዳያል ጌጅ ይለካ። የቮላኖ ቤቱም እንዲሁ፤ ካምቢዮው ከመሐል ከወጣ የኋላው አንገት በየዙሩ ይታጠፋል። ካምቢዮ በብሎን ተስቦ እንዲገጥም አይደረግም፤ በራሱ ገብቶ ፊት ለፊት ካልተገናኘ አንድ ነገር ይዞታል።

12. ከመነሳቱ በፊት

አዲስ ሞተር በደረቁ አይዞርም። ግፊት ባለው የዘይት ጣሳ ከ2 እስከ 3 ባር በሆነ ግፊት በዋናው መንገድ ዘይት ያስገቡ፤ አንድ ሰው ክራንኩን ቀስ እያለ በእጅ ያዙር። ዘይቱ በሁሉም ሮከሮች (ቫልቭ የሚጫኑት ክንዶች) ላይ ሲወጣ ማየት አለብዎት። አንዱ ደረቅ ከሆነ የተዘጋ መንገድ አለ። ጣሳው ከሌለ ፊልትሮውን ሞልተው፣ ናፍጣውን ዘግተው በሞተሪኖ ያዙሩ፤ ከ30 ሰከንድ አይለፍ፣ ሞተሪኖው 2 ደቂቃ ይረፍ። ቱርቦው ላይ በመግቢያው ንጹሕ ዘይት ጨምረው ዘንጉን በጣት ያዙሩት።

አየር ማስገቢያውን ሙሉ የሚዘጋ ጠፍጣፋ ጣውላ አጠገብዎ ይኑር። የናፍጣ ሞተር በዘይት ወይም በተጣበቀ ፓምፕ ከቁጥጥር ከወጣ ቁልፉን መዝጋት አያቆመውም፤ አየር ማሳጣት ብቻ ነው። በእጅ ግን በጭራሽ አይሞከርም።

13. የመጀመሪያው መነሳትና ሮዳጅ

ከተነሳ በኋላ በ15 ሰከንድ ውስጥ የዘይት ግፊት ካልታየ ያጥፉት። ሞተሩ ሞቆ የ6ቢቲ ዝቅተኛ ግፊት በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) 0.7፣ በሥራ ዙር 2.1 ባር ነው፤ አዲስ ሞተር ከዚህ በጣም በላይ መሆን አለበት። እዚያው ዝቅተኛው ላይ ከተገኘ የክፍተት ወይም የፓምፕ ችግር አለ።

ብዙ ሰው አዲስ ሞተር ለማላመድ ለሰዓታት በሚኒሞ ያቆመዋል። ትልቅ ስህተት ነው። ያለ ጭነት ፋሻው በሲሊንደሩ ላይ በቂ ግፊት አያገኝም፤ የሲሊንደሩ ጭረት ሳይላመድ ይለሰልሳል፣ ሞተሩ ዕድሜ ልኩን ዘይት ይበላል። ፍሳሽና ሙቀት ካዩ በኋላ መኪናው በግማሽ ጭነት መንገድ ይውጣ፤ ዙሩና ጭነቱ ይፈራረቁ፣ በረጅም ቁልቁለት ሞተሩ ከልኩ በላይ እንዳይዞር ይጠበቅ።

ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ዘይትና ፊልትሮ ይቀየር፣ ፑንታሪያው እንደገና ይታይ። ያን ፊልትሮም እንደ መጀመሪያው ቆርጠው ወረቀቱን ይዘርጉ። ጥቂት የፋሻ ዱቄት የሚጠበቅ ነው። መዳብ የመሰለ ፍቅፋቂ ከታየ ግን መኪናው ጭነት ሳይዝ ኮፓው ይውረድና ብሮንዚኖቹ ይታዩ።